በላባን ግቢ የቆመው ምሰሶ

ካንሳምባ ሰፈር፣ ኪትዌ አጠገብ
ፌብሯሪ 6 ቀን

ውድ የእህቴ ልጅ ምዌንያ፣

ይህ ወረቀት ጋቦሮኔ ገብቶ እጅሽ ሲደርስ በጤናና በሥራ ላይ ያግኝሽ። እኛን እዚህ የጠበቀ አምላክ አንቺንም በሰው አገር ይጠብቅሽ። እናትሽ ደህና ናት፤ ወገቧ ብቻ ዝናብ በመጣ ቁጥር ያስቸግራታል። እኔም ደህና ነኝ። ጆሮዬ ያው እንደምታውቂው ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ከመሰርሰሪያ ጋር ኖሬ እሱ ወስዶታል። ስለዚህ በስልክ አትጩሂብኝ። ባለፈው ስትደውዪ ጎረቤቱ ሁሉ የምትይውን ሰምቶ ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ለከባድ መኪና ሾፌሩ ለሮይድ ወረቀት ብንሰጠው ይሻለናል።

የቅየሳ ልጆችሽ ባለፈው ማክሰኞ ድሮናቸውን ይዘው መጥተው ነበር። ረጅሙ ጊፍት እንደ ልማዱ የሳተላይት መቀበያውን ግቢያችን ባለው ምሰሶ ላይ አሰረ፤ ከዚያ ያቺ ነገራቸው ተነስታ የማዕድኑን ዝቃጭ ጭቃ ወደያዘው ግድብ በረረች። እናትሽ አሁንም አልለመደቻትም። «ይቺ ንብ ማር የላት፣ አበባ አትቀስም፣ ምን ፍለጋ ነው እንዲህ የምትዞረው?» ትላለች። እኔም የቀያሽ አጎት ነኝና የገባኝን ያህል አስረዳኋት። የገባኝ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ጨረስኩ።

ምሰሶሽን እየጠበቅኩልሽ ነው። የሌሎቹን ምሰሶዎች የነሐስ ራስ የብረት ሌቦች ነቅለው ሲሸጡት ይህኛው ሦስት ዓመት ሙሉ አልተነካም። ላባን ግቢ እጁን የሚያስገባ ሌባ ገና አልተወለደም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ የሚሆን ብትልኪልኝ በረንዳዋን ለጠፍ ለጠፍ አደርጋት ነበር። ዝናቡ ትንሽ በልቷታል። ሌላ ነገር የለም።

የሚወድሽ አጎትሽ፣ ላባን ካፓምፓ


ጋቦሮኔ
ማርች 1 ቀን

የተከበሩ አጎቴ፣

እግዚአብሔር ለእርስዎም ለእማዬም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሮይድ ካዙንጉላ ድንበር ላይ በመኪና ሰልፍ ስምንት ቀን ቆሞ ነበር። ወረቀቱ የተጠበሰ ካፔንታ ይሸታል። ሮይድ ዓሣውን እየበላ ያነበበው ይመስለኛል።

ለእማዬ ስለ ንቢቱ ይህን ይንገሩልኝ። ሳተላይቶች ያለንበትን ቦታ ሲነግሩን ይዋሻሉ። ምልክታቸው ሰማዩን አቋርጦ ሲመጣ ስለሚዛባ ውሸቱ አንዳንዴ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ምሰሶው ግን የት እንደቆመ እስከ ጣት ስፋት ድረስ እናውቃለን። ስለዚህ ላዩ ላይ የታሰረው መቀበያ «አሁን ይህን ያህል ዋሻችሁ» ይልና ማረሚያውን ለድሮኗ ይልክላታል። እሷም የራሷን ውሸት በዚያው ልክ ታርማለች። ምሰሶው ካልተንቀሳቀሰ እኛም አንሳሳትም፤ ነገሩ ሁሉ ያረፈው በእርስዎ ግቢ ውስጥ ነው።

ያንን ግድብ እፈራዋለሁ፣ አጎቴ። ፎቶዎቹን ስገጣጥም በግራ ጥግ ላይ ጣሪያችን ይታያል፤ የእማዬ ሰማያዊ በርሜልም አለ። ከላያችሁ ያን ሁሉ ጭቃ የያዘ ግድግዳ ቆሟል። አንድ ጣት ቢንሸራተት ከማንም በፊት የማውቀው እኔ ነኝ። ሥራውን ስጀምር ደስ ያለኝ ለዚህ ነበር፤ አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው።

ከባለፈው በረራ ደግሞ የሚያስቅ ነገር ገጠመኝ። ግድቡ ላይ ለመለኪያ የቀባናቸው ነጭ መስቀሎች በሙሉ አራት ሴንቲሜትር ከፍ ብለው አገኘኋቸው። ግድብ ይወርዳል፣ ወደ ጎን ይገፋል እንጂ እንደ ዳቦ ሊጥ በእኩል አይነሳም። ጊፍት ከምሰሶው ራስ እስከ መቀበያው ያለውን ቁመት ሲለካ ተሳስቷል ማለት ነው። የቀያሾች የዘወትር ስህተት ነው። ደውዬ ተቆጣሁት፣ እሱም በእናቱ ማለ። እኔ አራቱን ሴንቲሜትር ቀነስኩና ሥራውን አስረከብኩ።

ለማንኛውም አንድ ጊዜ ምሰሶውን ይዩልኝ፤ መኪና ገጭቶት ወይም ፍየል ተደግፎት እንዳይሆን። የሲሚንቶውን በእማዬ ስልክ ልኬያለሁ።

ልጅዎ ምዌንያ


ካንሳምባ
ማርች 24 ቀን

ውድ ምዌንያ፣

ሰላምና በረከት ከደጃፍሽ አይራቅ። እኛ ደህና ነን።

ምሰሶሽን አየሁት። ውሃ ልክ አምጥቼ ላዩ ላይ አስቀመጥኩ፤ አረፋዋ መሃል ላይ ቁጭ አለች። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ፍየልም አልነካውም፣ ፍየል ራሱ ሰፈራችን ውስጥ ከጠፋ ቆይቷል።

የላክሽው ሲሚንቶ ደርሷል፣ ተባረኪ። አልበቃም እንጂ። አራት ከረጢት ቢጨመር ጥሩ ነው። የጓሮው በር ደግሞ በእርጥበት አብጦ አልዘጋ ብሏል፤ ሁለት ማጠፊያና አንድ የእንጨት መላጊያ ለሮይድ ስጪው። ከላይ በኩል ልጌው ነበር፣ በሳምንቱ ተመልሶ ያዘ። የዘንድሮ ዝናብ ለእንጨት አይሆንም።

እናትሽ እዚህ አጠገቤ ተቀምጣ «ንገራት» ትለኛለች። ምኑን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ድስት ውስጥ ያለው ውሃ ማንም ሳይነካው ይንቀጠቀጣል ትላለች። ዓይኗ እየደከመ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያቺ ድሮን የምትለካው ግድቡን ብቻ ነው ወይስ ሰፈሩንም ታያለች? ደግሞ ልጆችሽ ምሰሶውን ወደ ሌላ ግቢ መውሰድ ከፈለጉ እኔ ቅር አይለኝም። አርጅቻለሁ፤ መጠበቁ ሰልችቶኛል።

አጎትሽ ላባን


ጋቦሮኔ
ኤፕሪል 12 ቀን

የተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎን ጠይቄ ብዙ ብናገር በወደድኩ። ዛሬ ግን አልችልም። ሮይድንም አልጠበቅኩም። ይህን ለጊፍት በስልክ ልኬለታለሁ፤ በወረቀት ገልብጦ እጅዎ ላይ ያደርሰዋል። እባክዎ ቁጭ ብለው ያንብቡት።

በማርች በረራ መስቀሎቹ ዘጠኝ ሴንቲሜትር ከፍ ብለው ነበር። እንደገና በጊፍት ላይ ጮህኩ፤ ከሥራ ሊያባርሩት ምንም አልቀረም። ዘጠኙንም ቀነስኩ። በዚህ ወር ሃያ አንድ ሆነ። ጊፍት በዚህኛው ተጠንቅቆ ሜትሩን ምሰሶው ላይ ዘርግቶ ፎቶ አንስቶልኛል። አልተሳሳተም። አንድም ጊዜ አልተሳሳተም ነበር።

ከዚያ መጀመሪያውኑ ላደርገው የሚገባኝን አደረግኩ። የእኛ መቀበያ የመዘገበውን ሁሉ ንዶላ ካለው ቋሚ የቅየሳ ጣቢያ ጋር አስተያየሁት። አጎቴ፣ ግድቡ አልተነሳም። ግድቡ ባለበት ነው። የወረደው ምሰሶው ነው። ድሮኗ ምሰሶው የድሮ ቦታው ላይ ያለ እየመሰላት፣ እሱ በወረደ ቁጥር ግድቡን ከፍ አድርጋ አየችው። ውሃ ልክዎ ያልያዘውም ግቢው በሙሉ አንድ ላይ ስለሚወርድ ነው። ቤቱም ወርዷል። እናንተም ወርዳችኋል። በሁለት ወር ተኩል ሃያ አንድ ሴንቲሜትር፣ ያውም እየፈጠነ።

ዓይኔን ግድቡ ላይ ተክዬ የእናቴ ቤት ሲሰምጥ አላየሁም። መሬቱ ሁለት ጊዜ ነገረኝ፣ ሁለት ጊዜም በገዛ እጄ ሰረዝኩት።

አሁን ደብዳቤዎችዎን መልሼ አነበብኩ። አንድ ከረጢት፣ ከዚያ አራት። በረንዳ አይደለም የሚለጥፉት፤ ስንጥቅ ነው የሚደፍኑት። በሩም በእርጥበት አላበጠም።

አለቃዬ ለማዕድን ባለሥልጣኖቹ አሳውቆ ነበር። የመለሱለት ይህ ነው፤ «በድሮው የማዕድን ካርታ መሠረት በካንሳምባ ሥር የማዕድን ጉድጓዱን ጣሪያ የሚሸከሙት የድንጋይ ዓምዶች በሙሉ ቆመዋል፣ መሬቱ አስተማማኝ ነው፣ ምሰሶአችሁን መርምሩ።» እርስዎ እዚያ ታች ሠርተዋል። ካርታው እውነት ነው?

እውነት ቢሆንም ባይሆንም እማዬን ይዘው ይውጡ። እግርዎ ሥር ወድቄ እለምንዎታለሁ።

ምዌንያ


ጋቦሮኔ
ኤፕሪል 23 ቀን

አጎቴ፣

ጊፍት ደብዳቤውን ኤፕሪል 13 ቀን እጅዎ ላይ አስቀምጧል። አንብበው፣ አጥፈው፣ ኪስዎ ከተው «መልስ የለውም» አሉት። አሥር ቀን ሆነ።

እማዬ ጋ በየቀኑ እደውላለሁ። «ደህና ነን» ትለኛለች፣ ድምጿ ግን ደህና አይደለም። ውጪ ስላት «ወንድሜ ሳይወጣ የት እሄዳለሁ? የቤቱ አባወራ እሱ ነው» አለችኝ። አስገድጄዎት አላውቅም፤ የእናቴ ወንድም ነዎት፣ ያሳደጉኝም እርስዎ ነዎት። አሁን ግን የማደርገውን ልንገርዎ። ቅዳሜ አውቶቡስ እሳፈራለሁ። እመጣና እማዬ አጠገብ ፍራሽ አንጥፌ እቀመጣለሁ። ከሰመጣችሁ አብሬ እሰምጣለሁ።

ፈርቻለሁ፣ አጎቴ። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ምዌንያ


ካንሳምባ
ኤፕሪል 24 ቀን

ምዌንያ ልጄ፣

ጊፍት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ግቢ ውስጥ ግባ ስለው እምቢ አለ፤ ብልህ ልጅ ነው። ይህን ፎቶ አንስቶ ይልክልሻል።

አውቶቡሱን አትሳፈሪ።

ካርታው ውሸት ነው። ውሸቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የመጨረሻው ዓመት ላይ የፈረቃ አለቃ ነበርኩ። ማዕድኑ ሊዘጋ ወራት ሲቀሩት በካንሳምባ ሥር ያሉትን ዓምዶች ቁረጡ ተባልን፤ ጥሩው መዳብ የቀረው እነሱ ውስጥ ነበር። የቆረጡት ሰዎች ከላያቸው ምን እንዳለ አያውቁም፤ እኔ አውቅ ነበር። አሥራ አንድ ዓምድ ቆርጠን አወጣን። ከዚያ «በሙሉ ቆመዋል» የሚል ወረቀት አቀረቡልኝ፣ ፈረምኩ። ለፊርማዬ በሰጡኝ ጉርሻ ይህን ቤት ገዛሁ፤ እኔው ባዶ ባደረግኩት ጉድጓድ አናት ላይ። ያን ጊዜ ርካሽ መስሎኝ ነበር።

ሃያ ሁለት ዓመት ሲቆም አየሁና ቆሞ ይቀራል አልኩ። ጃንዋሪ ላይ መሬቱ ማንኳኳት ጀመረ። ጆሮዬ አይሰማም፣ የውስጥ እግሬ ግን ይሰማል። ማዕድን ውስጥ የኖረ ሰው ያንን ኳኳታ አይስተውም። አወቅኩ፤ አውቄም ሲሚንቶ ለመንኩሽ።

ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገርሽ። መሞትን አልፈራሁም። የጎረቤታችንን የባና ቾላን፣ የቾላን እናት፣ ፊት ማየት ነው የፈራሁት። ባሏ ሲሞት ጎናችን ቦታ ያገኘሁላት እኔ ነኝ፤ ልጆቿን ያሳደገችው በእኔ ምክር በሠራችው ቤት ውስጥ ነው። አርባ ሰባት ቤት አለ፣ ሁሉም ሰላም ይለኛል። ከዚያ ሰላምታ ወጥቼ መኖር አልቻልኩም። አንቺ ፍራሽ አነጥፋለሁ ስትዪ ግን ሌላ ፍርሃት መጣብኝ፣ ያኛውም ትንሽ ሆነ።

ከዚህ ወረቀት ጀርባ የተቆረጡትን አሥራ አንድ ዓምዶች በመስቀል አሳይቻለሁ። ከሰፈሩ የውሃ ታንከር እያንዳንዱ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ጽፌያለሁ፤ ፊርማዬም አለበት። ለባለሥልጣኖቹ አድርሺው። አንቺ መንገድ ላይ ከሆንሽ ማን ያደርሰዋል?

እኔ ነገ ጠዋት ቧንቧው ጋ እናገራለሁ።

ላባን


ካንሳምባ፣ የትምህርት ቤቱ ግቢ
ሜይ 9 ቀን

ውድ የእህቴ ልጅ፣

ሁላችንንም በሕይወት ያቆየ አምላክ ይመስገን። ጊፍት ዋና ዋናውን ነግሮሻል። የቀረውን ከእኔ ስሚ።

በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ ቧንቧው ጋ ተሰልፈው ሳለ ደረስኩ። «ሰፈሩ ሊሰምጥ ነው፣ ውጡ» አልኩ። ሳቁብኝ። አንዷ «ሽማግሌው ቁርስ ሳይበላ ወጥቷል፣ የንሺማ ገንፎ ስጡት» ስትል ከከንፈሯ አየሁ። ያኔ የቀረውን ነገርኳቸው፤ ዓምዶቹን፣ ፊርማውን፣ ቤቴን በምን እንደገዛሁ። ሳቁ ቆመ።

ባና ቾላ ባልዲዋን አስቀምጣ ፊቴ መጣች። እንድሰማት ቀስ አድርጋ ነው የተናገረችው።

«ላባን፣ ቤቴን ስሠራ ጡብ ያቀበልከኝ አንተ አልነበርክም?»

«ነበርኩ።»

«ያን ቀን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልመታችኝም። ዞራ ቤቷ ገባችና ፍራሿን ተሸክማ ወጣች። ሰው ሁሉ እሷን አይቶ መውጣት ጀመረ። ስድቡ ከኋላ መጣ፣ ደግነቱ ብዙውን አልሰማሁትም።

ማዕድን ስንወርድ ቁጥራችን ያለበትን የነሐስ ምልክት ሰሌዳ ላይ እንሰቅል ነበር፤ ስንወጣ እናነሳዋለን። ፈረቃው አልቆ ሰሌዳው ላይ የቀረ ምልክት ካለ አንድ ሰው ገና ታች ነው፣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሰፈሩን ለማስወጣት ሌላ መንገድ አላውቅም። ከቀለም ቆርቆሮ ክዳን አርባ ሰባት ምልክት ቆርጬ የቤት ቁጥር ጻፍኩባቸው፣ ከመንገዱ ማዶ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰሌዳ አቆምኩ። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ቤተሰቡ ቁጥሩን ያነሳል። እናትሽን በእጅ ጋሪ ገፋኋት። «ድስቴን ትተህ እኔን ምን አደረግከኝ? ድስቱ ቢያንስ ያገለግላል» እያለች መንገዱን ሙሉ ስትጨቃጨቀኝ ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ሁለት ምልክት ቀረ። አንዱ የቁጥር አርባ ነበር፤ ባልየው ቤቴን ዘራፊ ይገባበታል ብሎ ቁጭ ብሏል። ባና ቾላ ሄዳ ሸሚዙን ይዛ እየጎተተች አመጣችው።

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ሆነ። እኔ አልሰማሁም። የሰው ሁሉ አፍ ሲከፈት አየሁ፣ ከዚያ ከእግሬ እስከ ጥርሴ ድረስ ተንቀጠቀጥኩ። መጀመሪያ የሄደው የእኛ ቤት ነው። ምሰሶሽን እስኪሰወር ድረስ እያየሁት ነበር። አልተጋደመም፤ ቀጥ እንዳለ ወረደ። ከዚያ አቧራው ሁሉንም ሸፈነው። አሥራ ስድስት ቤት ሄደ። ማንም አልሞተም።

ትናንት ባለሥልጣኖች የላክሽውን ወረቀት ይዘው መጥተው ጠየቁኝ፤ ሁሉንም ተናገርኩ፣ ፈረምኩ። እንደገና ይጠሩኛል፤ እሄዳለሁ። ለእናትሽ ብርድ ልብስ ላኪላት። ለእኔ ምንም አትላኪ።

ሰሌዳው ላይ አንድ ምልክት ቀርቷል። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር፣ የእኛው። እናትሽ በየቀኑ «ወጥተን የለም እንዴ? ለምን አታነሳውም?» ትለኛለች። ዛሬ ጠዋት ባና ቾላ ውሃ ተሸክማ በዚያ ስታልፍ ቆመች። ምልክቱን አየች፣ እኔንም አየች፣ ሳትነካው ሄደች።

ልክ ናት። እኔ ገና አልወጣሁም።

አጎትሽ ላባን